የመስከረም ሃያ ዶሴ

የዚህች መጽሔት አዘጋጆች «አንቺስ መቼ ነው የምታመጪው? ግጥምም ቢሆን ይሁን» ካሉኝ ሁለት ወር አለፈ። ግጥም የለኝም። ያለኝ አንድ ዶሴ ነው፤ እሱም የኔ ሳይሆን የአጎቴ ባለጉዳይ ነው። አጎቴን «ልጻፈው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጻፊው፣ ስሟን ግን እንዳታወጪ» አለኝ። ስለዚህ በቢሮ እንደምጠራት እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። እሱንም ጋሼ።

መጀመሪያ መንገዱን ልንገራችሁ። ከስድስት ኪሎ ግቢያችን ወጥታችሁ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ብትሉ የአሜሪካን ኤምባሲ ታገኛላችሁ። ቁልቁል በአራት ኪሎ አድርጋችሁ ብትወርዱ ፒያሳ ናችሁ። እኛ በሁለቱ መካከል ቁጭ ብለን ፈተና እንፈተናለን። ሽቅብ የሚሄደው ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ቁልቁል ወርዷል። ፒያሳ ፎቶ ተነስቷል፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀቱን አስተርጉሟል፣ ማኅተም አስመትቷል፣ ሁሉንም በፕላስቲክ ክላሴር ከትቶ በብብቱ ይዟል። ሲመለስ ምን እንደተባለ ከክላሴሩ አያያዝ መገመት ይቻላል። አንዳንዱ እንደ ሕፃን አቅፎት ይወርዳል፤ አንዳንዱ በአንድ እጁ አንጠልጥሎት።

ጋሼ ጠበቃ ነው። ቢሮው እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ፒያሳ፣ የእንጨት ደረጃው ከሚንቋቋ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። ዋና ሥራው የውርስ፣ የሞግዚትነት፣ የፍቺና የቤት ክርክር ነው፤ አራዳ ምድብ ችሎት ግማሽ ዕድሜውን በልቶታል። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ጠበቃ አይደለም፤ የጥብቅና ፈቃዱም የሚያሠራው በአገራችን ፍርድ ቤት ነው። ይሁንና ፒያሳ ላይ የጠበቃ ታፔላ ከተሰቀለ አሜሪካ የሚሄድ ባለጉዳይ ደረጃውን መውጣቱ አይቀርም። ስሟ በ«ፀ» የሚጀምር ሴት በትምህርት ማስረጃዋ ላይ በቲ ኤስ፣ በፓስፖርቷ ላይ በኤስ ብቻ ከተጻፈች ሁለት ሰው ሆነች ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ለማድረግ ቃለ መሐላ፣ ምስክር፣ አንዳንዴም የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። አባቱ የሞተበት ልጅ የሞግዚትነት ወረቀት ይፈልጋል። የሞተ ባል መሞቱ በወረቀት መረጋገጥ አለበት። ጋሼ ይህን ሁሉ ይሠራል። «እኔ ወረቀቱን ነው የማቃናው፤ በሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው» ይላል ለሁሉም፣ ሳይጠየቅም።

በወጣትነቱ፣ በደርግ ጊዜ፣ እዚያው ሰፈር ማመልከቻ ጻፊ ዘንድ ታይፕ መቺ ነበር። ያኔ ከአገር ለመውጣት ራሱ የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ስለነበር የሚጻፈው ማመልከቻ የሚለምነው የራሳችንን መንግሥት ነበር። «ያኔ በሩ ከውስጥ ነበር የሚዘጋው፤ ቢያንስ ዘበኛው አማርኛ ይሰማል» እያለ ይስቃል።

እትዬ አትክልት ተራ አጠገብ የባልትና ሱቅ ነበራት። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምጥን። ባሏ ሞቷል፤ አንዲት ሴት ልጅ አለቻት። በ2011 ዓ.ም. ዲቪ ደረሳት። እዚህ ላይ «ደረሳት» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው። የዲቪ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ፤ ሥራ ላይ የዋለው ከ1995 የበጀት ዓመታቸው ጀምሮ ነው። በዓመት ቢበዛ 55,000 ቪዛ ነው። የእትዬ ዕጣ በወጣበት ዓመት ግን «ተመርጣችኋል» የተባለው ሰው ከነቤተሰቡ ከ80,000 በላይ ነበር። ደረሰኝ ማለት እንግዲህ ወረፋ ደረሰኝ ማለት ነው እንጂ ቪዛ ደረሰኝ ማለት አይደለም። ወረፋው ደግሞ መዝጊያ ሰዓት አለው፤ የበጀት ዓመታቸው የሚያልቅበት የሴፕቴምበር 30 እኩለ ሌሊት። በኛ መስከረም 20 ነው። መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን የዓመቱ ዕጣ ተራ ወረቀት ይሆናል፤ ለከርሞ አይተላለፍም፣ ይቅርታ የለውም።

የእትዬ ወረቀት ብዙ መቃናት ነበረበት፤ የባሏ ሞት፣ የልጅቷ ልደት፣ የራሷ የአያት ስም። ጋሼ ስምንት ወር ፈጅቶ ጨረሰላት። ቃለ መጠይቋ ለ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ተቀጠረ።

መጋቢት 7 ቀን በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኔ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ «ቤት ቁጭ ብለሽ ስልክ ከምትጎረጉሪ ጋሼ ጋ ሂጂና ታይፕ ተማሪ» ብላ ላከችኝ። ፍርድ ቤቶችም ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር ዝግ ስለነበሩ ጋሼ የሚያደርገው አልነበረውም፤ ጭምብሉን አገጩ ላይ አድርጎ የድሮ ዶሴ ያቃጥላል ማለት ይቀላል፣ እየመረጠ ይጥላል። እኔ የቀሩትን በፊደል ተራ እደረድራለሁ። በዚያው ወር አሜሪካኖቹ በዓለም ዙሪያ መደበኛ የቪዛ ሥራቸውን አቆሙ። የእትዬም ቀጠሮ ተሰረዘ። ያ እንኳ ለሁሉም የመጣ ነው፤ በሽታ ነው፣ ያልፋል ተባለ።

የባሰው የመጣው በፋሲካ ሳምንት ረቡዕ፣ ሚያዝያ 14 ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ለመኖር የሚመጡ የውጭ ሰዎች ለ60 ቀን እንዳይገቡ የሚል አዋጅ ፈረሙ። ምክንያቱ ሥራ ያጣ አሜሪካዊ በዝቷል የሚል ነው። ዲቪም በውስጡ አለበት። ሰኔ ላይ 60ው ቀን ሲያልቅ እስከ ዲሴምበር 31 ተራዘመ። ጋሼ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አወረደና ሁለቱን አቆጣጠር በጣቱ ያመሳስል ጀመር፤ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረም። መስከረም 20 ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። እትዬ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ጣቱን እያየች ነበር። ማንም ማብራራት አላስፈለገውም።

እንግዲህ በሩ ሲዘጋ የሚቸገረው ባለጉዳይ ብቻ መስሎን ነበር። ለካ ተርጓሚው፣ ፎቶ ቤቱ፣ ፎርም የሚሞላው ኢንተርኔት ቤት፣ ከነሱም ጋር የጋሼ ቢሮ ኪራይ ሁሉ በዚያ በር የሚገባ ነፋስ ላይ የተሰቀለ ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ «ፓስፖርት የሌለው ዲቪ መሙላት አይችልም» የሚል ደንብ ወጥቶ ፓስፖርት ፈላጊው ልደት፣ ልደት እያለ ቢሮውን ሞልቶት እንደነበር ጋሼ አጫውቶኛል። ያንን ደንብ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ2022 ሻረው፤ ባለጉዳዩም እንደመጣው ሄደ። እኛ ዘንድ ማንም ሳይጠየቅ ሥራ ይመጣል፣ ማንም ሳይጠየቅ ሥራ ይጠፋል። ባለጉዳዩ ግን ዋሽንግተንን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ደረጃ ወጥቶ ገንዘብ የከፈለውን ጠበቃ ነው። «ከፍዬህ አልነበር?» የሚለውም እሱን ነው።

ሐምሌ ላይ በአሜሪካ ያሉ ጠበቆች ዲቪ የደረሳቸውን ሰዎች ከየአገሩ አሰባስበው መንግሥታቸውን ከሰሱ። ወሬው በቴሌግራም ፒያሳ ገባ። ወዲያው ደጎል አደባባይ አካባቢ ስም የሚመዘግብ ሰው ተነሳ። ጠበቃ አይደለም፤ ያገናኛል። ዋጋው በዶላር ነው። እትዬ መጣችና፣

«ጋሼ፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» አለችው።

ጋሼ ብዙ ዝም ብሎ፣ «የአሜሪካን ሕግ አላውቅም። የማላውቀውን ነገር ግቢበት ብዬ ገንዘብሽን አላስበላም» አለ። «አትግቢ» አላለም። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ቃሉን አስታውሳለሁ። እሷ ግን አትግቢ እንዳላት ሰማች። አንድ ሽማግሌ ጠበቃ አንገቱን እየነቀነቀ «አላውቅም» ሲል ፒያሳ ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚሰማ ታውቁታላችሁ። አልገባችም።

ነሐሴ 29፣ ዓርብ ቀን፣ ዋሽንግተን ያሉ አንድ ዳኛ፣ አሚት ሜህታ፣ ትእዛዝ ሰጡ። እኔ በማግስቱ ጠዋት በቴሌግራም አየሁት። ሰው ሁሉ የእልልታ ምልክት ደርድሯል። ጋሼ ቢሮ የለም፤ ለቅሶ ሄዷል። ስልኩ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አለ። አነሳሁና እትዬ ጋ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ተፈረደላችሁ! ቪዛ ይሰጥ ተብሏል!»

በስልኩ ውስጥ እልል ስትል ሰማሁ። ከሱቁ ያለ ሌላ ሰውም አብሯት እልል አለ። እውነቱን ልናገርና በዚያች ደቂቃ ራሴን እንደ ጠበቃ ነው የቆጠርኩት። ሕግ ለማጥናት የወሰንኩትም ያን ቀን ነው፤ ይህን ለአስተማሪዎቼ ተናግሬው አላውቅም።

ጋሼ ሰኞ ዕለት ውሳኔውን አሳትሞ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርጎ አነበበው። ሦስት ነገር በእርሳስ አሰመረ። አንደኛ፣ ዳኛው የፕሬዚዳንቱን አዋጅ አላገዱም፤ ያገዱት መሥሪያ ቤቱ በአዋጁ አሳቦ ቪዛ መስጠት ማቆሙን ነው። መግባት መከልከል ሌላ፣ ቪዛ አለመስጠት ሌላ። ሁለተኛ፣ የታዘዘው በቅን ልቦና እንዲጣጣር እንጂ ለሁሉ እንዲሰጥ አይደለም። ሦስተኛ፣ ቅድሚያ በስም ለተጠቀሱት ከሳሾች ነው።

«እሷ ከሳሽ ናት?» አለ፣ ወደኔ ሳይሆን ወደ ወረቀቱ እያየ። ቀጥሎ መነጽሩን አወለቀ። «አይደለችም። እኔ ነኝ ያስቀረኋት።»

እኔ ያኔ ስለ ስልኩ ነገርኩት። ወዲያው ደወለላት። ግን እትዬ እሑድ ዕለት የሱቋን ቁልፍ ሸጣለች፤ ማቀዝቀዣውና ሚዛኑም አብረው ሄደዋል። ለሕክምና ምርመራው፣ ለቪዛው ለእያንዳንዳቸው 330 ዶላር፣ ለአውሮፕላን ትኬት ገንዘብ ያስፈልጋታል። ደግሞም በዚያ ሰሞን ገበያው ቀዝቅዞባት ነበር፤ አትክልት ተራ በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ከተዛወረ ወዲህ ደንበኛ የለም። እንዲህ እያልኩ ጥፋቴን ለማቅለል ስንት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ቢሆንም ቁልፉን የሸጠችው ደንበኛ ስላጣች ሳይሆን እኔ ስለደወልኩ ነው።

መስከረም 20 እትዬ ከነልጇ ቢሮ መጥታ ዋለች። ምንም የምንሠራው አልነበረም። ደመራው የበራበት ዐመድ ገና ከየደጁ አልተጠረገም። ጋሼ የዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ለኛ የማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት መሆኑን አስልቶ ነበርና ማታ ላይ፣ «ገና አሥራ ሁለት ሰዓት አለ» አላት። ከዚህ የከፋ ማጽናኛ ከጠበቃ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። በዚያው ቀን ዳኛው 9,095 ቪዛ ክርክሩ እስኪያልቅ እንዲጠበቅ አዘዙ። እኔ ቁጥሩን አየሁ። አልደወልኩም።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ በይግባኝ ዓመታት ፈጀ። ትራምፕ ወረዱ፣ ባይደን አዋጁን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 አነሱት፤ ግን አዋጁ ቢነሳም መስከረም 20 አይመለስም። እትዬ በየጊዜው ትደውላለች፤ «ዘጠኙ ሺህ ውስጥ ነኝ ወይ?» እያለች። ለጋሼ አይደለም የምትደውለው። ለኔ ነው። ምክንያቱን ቆይቼ ነው ያወቅሁት። ያን ቅዳሜ በጋሼ ስልክ ስለደወልኩ ያስነገርኳት ጋሼ መስሏታል። በሐምሌ አትግቢ ያለኝ እሱ፣ በነሐሴ ተፈርዶልሻል ብሎ ሱቄን ያሸጠኝ እሱ፤ ብላ አኩርፋዋለች። «አንቺ እንኳ አለሽልኝ» ትለኛለች። እኔም ዝም። ጋሼም ያውቃል፤ እሱም ዝም።

በ2016 መጋቢት ፒያሳ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ ሲነሳ፣ የኛም ፎቅ አብሮ ሄደ። ዶሴዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን ወደ አራት ኪሎ አጋዝን። የእትዬ ዶሴ ውስጥ አምስት በአምስት የሆነው ነጭ ጀርባ ፎቶዋ አሁንም አለ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የበጀት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ፍርድ ቤት የዲቪ ቪዛ እንዲሰጥ ማዘዝ አይችልም ብሎ ወሰነ። ዘጠኙ ሺህም አበቃ። ከአራት ቀን በፊት ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንዲት አሜሪካዊት ባሏ ቪዛ ለምን እንደተከለከለ ለመከራከር ያቀረበችውን ክስ ጥሎ፣ የቆንስል ውሳኔ በፍርድ ቤት አይመረመርም የሚለውን የቆየ ደንብ አጽንቷል።

በሕግ ታሪክ ክፍል የተማርነው ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1908 ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል መሠረት በኢትዮጵያዊና በውጭ ሰው መካከል ክርክር ሲነሳ ቆንስሉ ከኛ ዳኛ ጎን ተቀምጦ ይሰማ ነበር። አንድ የክፍል ጓደኛዬ በጣም ተቆጥቶ «ውርደት ነው!» ብሎ ነበር። ነው። ግን እኔ ያሰብኩት፣ ያኔ ቢያንስ ከቆንስሉ ጎን የተቀመጠ ሌላ ሰው ነበር የሚለውን ነው።

ዘንድሮ ደግሞ እንደገና ጀመረ። በታኅሣሥ 2018 የዲቪ ፕሮግራም እንዲቆም መታዘዙ ተነገረ። በጥር ወር ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ሰዎች የመኖሪያ ቪዛ መስጠት ከጥር 13 ጀምሮ እንደሚቆም ተገለጸ። ቃለ መጠይቁ ግን ይቀጥላል ተባለ። ትጠየቃለህ፣ ትመልሳለህ፣ ቪዛው አይሰጥህም። የጥምቀት ማግስት እትዬ ደወለች። የሷ ጉዳይ ካለቀ ቆይቷል፤ እንዲያው ወሬ ሰምታ ነው። «ደግሞ ምን አሉ?» አለች። ስልኩን ዘግቼ ወደምትሸጥበት ወደ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። አሁን በእህቷ ደጅ ላይ ነው የምትሸጠው፤ ሚዛኑ ሌላ ነው፣ ትንሽ።

ነገርኳት። ሁሉንም። የደወልኩት በራሴ እንደሆነ፣ ጋሼ ለቅሶ ላይ እንደነበር፣ ከሰማ በኋላ ሊያስቆማት እንደሞከረ።

በርበሬ እየሰፈረች ነበር፤ አላቆመችም። ገዢዋ ከሄደች በኋላ፣ «አንቺ ያኔ ልጅ ነበርሽ» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «እሱ ታዲያ ለምን ዝም አለ? አምስት ዓመት ሰላምታ ነሳሁት እኮ።»

የምመልሰው አልነበረኝም። ግማሽ ኪሎ ምጥን ሽሮ ቋጥራ «ለጋሼ ስጪው» አለችኝ። ገንዘብ አልቀበልም አለች።

ሽሮውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ጋሼ ጥያቄዋን ነገርኩት። «ሐምሌ ላይ ያልኳት እኔው ነኝ። በዚያ ከተቀየመችኝ ነሐሴ ቢጨመርበት ምን ይጎዳኛል» ብሎ ከረጢቱን አሸተተ።

ይህን ስናወራ አንድ ወጣት ገባ። ሚስቱ ሲያትል ናት፤ ቃለ መጠይቁ ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል። ክላሴሩን ከብብቱ ሳያወጣ ቆሞ፣ «ይሰጡኛል?» አለ። ጋሼ ወደኔ ተመለከተ። ስለዚህ እኔ ነኝ የመለስኩለት። የማውቀውን ነገርኩት፤ ቀኑን፣ የአገሮቹን ቁጥር፣ ቃለ መጠይቁን መቅረት እንደሌለበት፣ መቼ እንደሚነሳ ግን እንደማላውቅ።

«መኪናዬን ልሸጣት ነበር» አለ።

«አትሽጣት።»

«ታዲያ እናንተ ምን ትሠሩልኛላችሁ?» አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ የምር ግራ ገብቶት ነው።

ጋሼ ወንበር ሳበለትና መነጽሩን አደረገ። «ቁጭ በል። የልደት ማስረጃህንና ፓስፖርትህን አውጣ። ስምህን ከሁለቱም ላይ ፊደል በፊደል አንብብልኝ።»